ለአባቴ ጆሮ ሳለሁ

ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ ልዩነቱ አሁን ስላረጀሁ ሰው «ጠንቃቃ ናቸው» ይለኛል። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጨለማ እፈራለሁ፣ የጎረቤታችንን ውሻ እፈራለሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሶ ማየት እፈራለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን አባቴ አንድ ቀን አንድ ነገር ሳይሰማ ቀርቶ እንዳይሞትብኝ ነበር። በሌላው ፍርሃቴ ሰው ቢስቅ ግድ አልነበረኝም። ይኼኛው ግን በቂ ምክንያት ነበረው።

አባቴ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሠርቷል። ያን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ያ ሁሉ የሽመና መኪና በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንኳኳ ድምፅ አይባልም፤ ደረት የሚደበድብ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ በአፍ የሚነጋገር የለም። ሠራተኞቹ የራሳቸው የእጅ ቋንቋ ነበራቸው። ክር ተበጠሰ፣ ካቦው መጣ፣ ሻይ ልጠጣ ያዝልኝ፣ ሁሉም በጣት ይባላል። አባቴ ከዚያ መንኳኳት መሃል በየቀኑ ስምንት ሰዓት እየቆመ ጆሮው ቀስ በቀስ ደከመና፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ጨርሶ ተዘጋ።

የእጁን ቋንቋ ለእናቴና ለእኔ አስተማረን። እናቴ ሥራ ስለሚበዛባት ለቤት የሚበቃውን ያህል ያዘች። እኔ ሁሉንም ያዝኩት፤ የሌለውንም እየፈጠርኩ ጨመርኩበት። በጨዋታ እንዳላሳየው የተከለከልኩት አንድ ምልክት ብቻ ነበር። ቀኝ እጅ የግራውን አንጓ አንቆ ይይዝና ሁለቱም ከራስ በላይ ይነሳሉ። «እጅ ተያዘ» ማለት ነው። የሰው እጅ መኪና ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያንን ያየ ሰው ክሩ ቢበጠስ፣ ካቦው ቢቆጣ፣ የያዘውን ጥሎ ወደ ምልክት ሰጪው ይሮጣል። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ቆሜ ለቀልድ አሳየሁት። አባቴ ይላጭበት የነበረውን ምላጭ ጥሎ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ወደ እኔ በረረ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ካየ በኋላ በጥፊ መታኝ። በሕይወቱ እኔን የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ አባቴ ከቤት ሲወጣ አብሬው እንድወጣ ተፈረደብኝ። ሰው ሰላም ሲለው ክርኑን እነካዋለሁ። መኪና ከኋላ ሲመጣ ኮቱን እስባለሁ። ሰፈር ውስጥ «ደንቆሮው ሸማኔ» ይሉት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱማ የምር ባዳ ሆኖ ስለቀረ፣ ስድቡን የምሰማውም በስድቡ የምቃጠለውም እኔ ነበርኩ። አንድ ጧት ሐዲድ ስንሻገር ባቡሩ ሲያፏጭ እሱ መሃል ላይ ቆሞ የጫማውን ክር ያስር ጀመር። ኮሌታውን ይዤ ጎትቼ ጣልኩት። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ተነስቶ አቧራውን አራገፈና፣ ድምፁን መመጠን ስለማይችል ጣቢያው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ይቺ ልጅ ጆሮዬ ናት!» አለ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህም ላገኘው ሰው ሁሉ ይህንኑ ይል ጀመር። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ነገስ ባልሰማስ? ትምህርት ቤት ብሆንስ? ጉንፋን ይዞኝ ጆሮዬን ቢዘጋውስ? ከዚያ በኋላ ጆሮዬን በየጧቱ በጣቴ መታ መታ እያደረግኩ ደህና መሆኑን እፈትሽ ነበር።

አቃቂ ላይ ኑሮ የሚመራው በፋብሪካው ጡሩምባ ነበር። ጧት ሲነፋ የጧት ፈረቃ ይገባል። ስድስት ሰዓት ላይ ሲነፋ ምሳ ነው። እሑድም ይነፋል፤ መኪናው ሰንበት አያውቅም። ፋብሪካ ውስጥ የማይሠራው ሰው ሳይቀር በዚያው ነበር የሚኖረው። ሱቅ ያለው ጉራጌ መዝጊያውን ገርበብ ያደርጋል፣ አናጺው መጋዙን ያስቀምጣል፣ እናቴ ድስቱን ታወጣለች። እኔም ጡሩምባው እንደጮኸ አምስት ጣቶቼን ገጥሜ ለአባቴ ወደ አፌ አሳያለሁ። ጡሩምባ ሲሰማ ምራቃችን ይመጣ ነበር፤ እንዲህ ነበር ያደግነው።

አባቴ አንድ የልብ ወዳጅ ነበረው። ከእሱ ጎን ባለው መኪና ላይ ለዓመታት የቆመ፣ ኦሮሞ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው። አባቱ ሲሞቱ ፋብሪካውን ትቶ ወደ ቤተሰቡ መሬት ተመለሰ። መሬታቸው ከአቃቂ ወዲያ፣ ወንዙ ለኤሌክትሪክ በተገደበበት ሐይቅ አጠገብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ቤታችን ሳይገባ አይሄድም። ሁለቱ በእጅ ሲያወሩ ቤቱ ጸጥ ይልና ሳቃቸው ብቻ ይሰማል። መስቀል ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ፣ «በነገው እሑድ ካልመጣችሁ ተቀይሜያለሁ፤ ከግድቡ በታች ወንዙ ጎድሏል፣ ኩሬው ውስጥ አምባዛ ታጭቋል» አለ። አባቴ ዓሣ ማጥመድ ሲባል ልቡ አይቀመጥም። እኔ የሰማሁት ግን «ግድብ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር።

እናቴ ማታ አገልግሉን እያዘጋጀች ፊቴን አየችና፣ «አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች።

«ውሃው ያስፈራኛል።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ዝም ብለሽ ተኚ» አለችኝ። እንቅልፍ ለሚያስፈልገው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሌሊቱን ሙሉ ከሰሜን በኩል፣ ከእንጦጦ ወዲያ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰማሁ። እኛ ላይ ግን ጠብ አላለም።

ጧት መንገዱ እስከሚያልቅበት በጋሪ ሄድን፤ ከዚያ በእግራችን። አባቴ አገልግሉን በትከሻው አንግቶ፣ መንጠቆና ክር ኪሱ ከትቶ ከፊት ይሄዳል። የጤፉ ማሳ አረንጓዴ ነበር፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም። እሱ ደስ ብሎታል። እኔ በየደቂቃው ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ዞር ሲል ቆሜ ያየኝና ጆሮውን ነክቶ «ምን አለ?» ይለኛል። ምንም የለም እለዋለሁ። ይስቃል።

መንደሩ ጥቂት የሣር ቤቶች ነበሩት፣ ከግድቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳገት ላይ የተቀመጡ። ከወዳጁ ደጃፍ ሲያዩ በግራ ሐይቁ ይታያል። እሑድ በመሆኑ ፈረንጆችና የአዲስ አበባ ትላልቅ ሰዎች መጥተው፣ ነጭ ሸራ የወጠሩ ጀልባዎች ውሃው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ዳር ላይ ጥላ ዘርግተው የተጋደሙ ሴቶች ነበሩ። የመንደሩ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ይሠራል። በቀኝ ደግሞ፣ ከግድቡ በታች፣ ወንዙ ከነድንጋዩ ራቁቱን ቀርቶ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ ሳመላልስ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያ ሁሉ ውሃ ከዚያ ድንጋይ እጅግ ከፍ ብሎ መቀመጡን ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ግንብ ብቻ ነበር።

የወዳጁ እናት ወፍራም እርጎ በቅል አመጡልን። አማርኛ አይችሉም፤ እኔ ከሰፈር ልጆች የለቀምኳት ኦሮምኛ ነበረችኝ፣ ቀሪውን ልጃቸው ይተረጉማል። ወደ ሐይቁ እያመለከቱ የድሮው አውድማቸው ውሃው ሥር እንደቀረ ነገሩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር አሉ። ወዳጁ ሊተረጉመው አልፈለገም። «ምን አሉ?» አልኩት።

«ተይው፣ የአሮጊት ወሬ ነው። ውሃው በየዓመቱ አንድ ሰው ይወስዳል ነው የሚሉት።»

«ዘንድሮስ ወስዷል?»

ወዳጁ ሳቀና ለአባቴ በእጁ ነገረው። አባቴም ሳቀ። «ዘንድሮ ገና ነው» አለኝ ወዳጁ፣ ለማስፈራራት ዓይኑን አፍጥጦ። ቅሉን መሬት አስቀመጥኩት። ነገሩን ለመለወጥ ይመስለኛል፣ «ነፋሱ ሲያደላ የፋብሪካችን ጡሩምባ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ዛሬም ሆዴ ምሳ ይላል» አለ። ይህንን ሰማሁ፣ ያዝኩትም። ምነው ባልያዝኩት።

ወደ ወንዙ ወረድን። ኩሬዎቹ መሃል ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፣ አባቴና ወዳጁ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ እዚያ ደረሱ። እኔ ግን ዳሩ ላይ ቀረሁ። ግድቡ ከዚያ አይታይም፤ ወንዙ ይታጠፍና ገደል ይሸፍነዋል። አለመታየቱ ባሰብኝ። አባቴ በእጁ ይጠራኛል። እምቢ እላለሁ። ወዳጁም አላርፍ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን እያርገፈገፈ የሚሰጥም ሰው ያሳየኛል፤ ሁለቱ በሳቅ ይሞታሉ። አባቴ ጮክ ብሎ፣ «ፈሪ ለእናቱ! ነይ እንጂ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም!» አለ። እውነቱን ነበር። ተናድጄ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ሁለቱ መሳቅ ሆነ ሥራቸው።

ሁለት ዓሣ እንደያዙ ከሐይቁ በኩል ሰው እየሮጠ መጣ። የወዳጁ ላም ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ተሰንቅራለች። ወዳጁ ሱሪውን ሰብስቦ አብሮት ሄደ፤ «መጣሁ፣ ከዚህ እንዳትነሱ» አለ። አባቴ ብቻውን ድንጋዩ ላይ ቀረ፣ አገልግሉን ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ጀርባውን ወደ ገደሉ ሰጥቶ፣ ክሩን እያየ። እኔ ከእሱ ሠላሳ እርምጃ ያህል እርቃለሁ። ጸጥ አለ። ንብ ይሰማኛል፣ ከሩቅ የጀልባ ሰዎች ሳቅ ይሰማኛል። ለሁለት ሰው እየሰማሁ ስለነበር አንዷም ድምፅ እንዳታመልጠኝ አንገቴን እስኪያመኝ ቀና ብዬ ነበር።

ጡሩምባው የተነፋው ያን ጊዜ ነው።

ረጅም ነበር። ስሰማው የተሰማኝን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ የማላውቀው ነገር መሃል አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ። ፀሐይዋን አየሁ፣ አናታችን ላይ ናት። ነፋሱ አድልቷል አልኩ። አቃቂ በየት በኩል እንደሆነና ድምፁ ከየት በኩል እንደመጣ ለማሰብ አልቆየሁም። ሁለተኛ ጊዜ ሲነፋም የእኛ ጡሩምባ ሁለቴ እንደማይነፋ ትዝ አላለኝም። ዳገቱ ላይ ከብቶች እየተነዱ ሽቅብ ሲወጡ አየሁ። የእነሱም ምሳ ሰዓት ነው ብዬ ይሆናል፤ ሞኝ ሆዱ ሲያስብለት እንዲህ ነው። አባቴ ቀና ሲል ጠብቄ ተነሳሁና አምስት ጣቶቼን ገጥሜ ወደ አፌ አሳየሁት።

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ክሩን ጠቀለለና ተቀመጠ። አገልግሉን ከፈተ። እጁን አነሳና «ነይ፣ እንብላ» አለኝ።

አገልግሉ እሱ ዘንድ ነው፤ እኔም ርቦኛል። እየፈራሁ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ረገጥኩ። ሁለተኛዋን ረገጥኩ። ከዳገቱ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል የወዳጁ እናት ናቸው፤ ነጠላቸው ወድቆ፣ ሁለት እጃቸውን እያራገቡ ቁልቁል ይመጣሉ። «ቢሻን! ቢሻን!» ይላሉ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። ውሃ ማለት ነው። የጠማው ሰው እንዲህ አይጮህም።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ሌሊት ከላይ ያጉረመረመው ዝናብ፣ የሞላው ሐይቅ፣ ሽቅብ የሚነዱት ከብቶች። ጡሩምባው የግድቡ ነው። የውሃው በር ሊከፈት ሲል ነው የሚነፋው። እኔ ምሳ ነው ብዬዋለሁ። ወደ ዳሩ የተመለስኩት በእጅና በእግሬ እየዳህኩ ነበር።

ጮኽኩ። መጮኼ ምን ሊረባ? በልጅነቴ ሁሉ ስጮህለት ዞር ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ድንጋይ አንስቼ አጠገቡ ወዳለው ኩሬ ወረወርኩ። ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ። ቀና ብሎ አየኝ። «ና! ውጣ!» አልኩት በሁለት እጄ። ፈገግ አለና «አንቺ ነይ» አለኝ። ገደሉን አመለከትኩ፣ እጄን እንደ እብድ አወራጨሁ። ሳቀ። ለእሱ ይኼ ሲቀልድበት የዋለው ፍርሃቴ ነበር፤ ሌላ ፍርሃት መሆኑን በምን ይወቅ? እንደ ወዳጁ የሚሰጥም ሰው እያሳየ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን አርገፈገፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንጀራውን ቆረሰ።

ከገደሉ ጀርባ ድምፁ ተሰማኝ። እንደ ውሃ አልነበረም፤ ብዙ ከባድ መኪና ኮረኮንች ላይ አብሮ ሲመጣ የሚሰማው ዓይነት ነው። ሌላ ድንጋይ አነሳሁ። እግሩን መታሁት። ተቆጥቶ ቀና አለ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ቀኝ እጄ የግራ አንጓዬን አነቀና ሁለቱም ከራሴ በላይ ወጡ።

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። እንጀራው ከእጁ ወደቀ። ከተቀመጠበት የተነሳው እንዴት እንደሆነ አላየሁም፣ እየሮጠ ነበር። ድንጋይ ለድንጋይ አልዘለለም፤ በኩሬው መሃል፣ በጭቃው፣ እየተንሸራተተ፣ ወድቆ እየተነሳ መጣ። እኔ እጄን አላወረድኩም። ባወርደው የሚቆም መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ከእጄ ላይ አልተነቀለም፣ ግራም ቀኝም አላየም። ከግራው፣ ከመታጠፊያው፣ ቡናማው ውሃ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ ብቅ ሲል እኔ አየሁት፤ እሱ አላየውም። ስድስት እርምጃ ሲቀረው ወገቡን መታው። ወደቀ። ውሃው ሥር ገባና ጠፋ። ከዚያ እጁ ወጣ። አሮጊቷ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አንድ ረጅም ዱላ ይዘው ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፤ ሆዳቸው መሬት ላይ ተኝተው ዘረጉለት። ከኋላ የሚነዱትን ከብት የተዉ ሁለት ሰዎች ደረሱና ጎትተው አወጡት።

አንድ ጫማው የለም። ግንባሩ ይደማል። አፉ ጭቃ ሞልቶታል። ከመሬት ሳይነሳ ሁለት እጆቼን ያዘ። አንጓዬን አገላበጠ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ፣ ጨረሰና እንደገና ጀመረ። ወንዙ ከኋላው እያገሳ፣ የተቀመጠበት ድንጋይ ጠፍቶ፣ እሱ ጣቴን ይቆጥራል። ደህና መሆኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ሊመታኝ ይመስለኛል እጁን አነሳ። አሮጊቷ ትከሻውን ይዘው አዞሩት። ያን ጊዜ ውሃውን አየ። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ቤት ገብተን እሳት ተነደደለት። ወዳጁ ከነጭቃው እየሮጠ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። እናቱ በገዛ ልጃቸው ላይ ጮኹበት፤ ለእንግዳ ጡሩምባውን ሳይነግር እንዴት ወንዝ ውስጥ ይተዋል ነው ያሉት። እሱም የግድቡ በር እሑድ ተከፍቶ እንደማያውቅ፣ መንደሩ ውስጥ ጡሩምባውን የማያውቅ ስለሌለ መናገሩም እንዳልታሰበው እያለቀሰ ተናገረ። ለአባቴ በእጁ አስረዳው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ጡሩምባ ይነፋል፤ ሲነፋ ሰውም ከብትም ከወንዙ ይወጣል።

አባቴ የወዳጁን እጆች እስከ መጨረሻው ተከታተለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ሞልቶ ቆሟል። «ጡሩምባው ተነፍቶ ነበር?» አለኝ በእጁ።

ጆሮዬን ነካሁና ራሴን ነቀነቅኩ። አልሰማሁም አልኩት።

ዋሸሁ። ለአንድ ደቂቃ ሳልቀበል ሳልክድ ብቆይ ምን ነበረበት? ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት አያስቆይም። እሱ ደግሞ ጣቶቼን ገጥሜ ወደ አፌ ሳሳየው በዓይኑ አይቷል። ለምን ምሳ እንዳልኩት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው፣ በዚያ ባልተመጠነ ድምፁ፣ «አልሰማችም። ነፋሱ ወዲያ ነበር» አለ።

ሁሉም አመሰገኑኝ። ልጅ ሆና አባቷን አወጣች አሉ። አሮጊቷ አጎንብሰው ግንባሬን ሳሙኝ፣ እየመረቁ አናቴ ላይ ቅቤ አኖሩልኝ። ቅቤው በእሳቱ ሙቀት እየቀለጠ በአንገቴ ሲወርድ እኔ መሬት መሬት አይ ነበር። አባቴ ለመጣው ሰው ሁሉ «ጆሮዬ ናት» አላለም። ያንን ሳይል የቀረው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፤ ማለቱን ስጠላው ኖሬ፣ አለማለቱ ይበልጥ አመመኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወዳጁ ባዋሰው በረባሶ፣ ጭንቅላቱ በጨርቅ ታስሮ ተመለስን። ሊሸኘን ቢለምን አባቴ እምቢ አለ። የጤፉን ማሳ እስክናልፍ ሁለታችንም እጃችንን አላነሳንም። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ከፊቱ ቀደም ብዬ መንገዱ ላይ ቆምኩ።

«ሰምቼ ነበር» አልኩት በእጄ። «ምሳ መሰለኝ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩህ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስትነግሪኝ አይቻለሁ እኮ።»

ከመንገዱ ዳር ተቀመጠ፣ በረባሶው እግሩን ልጦት ነበር። ሲናገር ድምፁ እንደወትሮው አልጮኸም፤ እንዴት አድርጎ እንደመጠነው አላውቅም። «ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ውስጥ ውስጡን ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል። ቂጤም እግሬም ሥር ተሰማኝ። ሽመና ክፍል ውስጥ ከሩቅ መኪና ሲነሳ በእግሬ ነው የማውቀው። ደህና አይደለም፣ ልነሳ አልኩ። ደግሞ አንቺን አየሁ። ምሳ ነው ብለሽኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተነሳህም?»

የቀለለ ነገር እንደተጠየቀ ሰው ግራ ገብቶት አየኝ። «አንቺ እየሰማሽልኝ» አለ፣ «እግሬን ልጠይቅ?»

ተነሳና እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። እስከ አቃቂ ድረስ ከኋላችን የሚመጣ ነገር ይኑር አይኑር ጆሮዬን አላመንኩትም፤ በየአሥር እርምጃው እየዞርኩ በዓይኔ አየሁ።